ሐዲዱን አሙቅ

እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ ከምትኖርበት ቤት አጥር ማዶ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። እህቴን ልጠይቅ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ነው የተዋወቅነው። "ባቡር አላቸው" አለችኝ እህቴ፤ "ውሻ አላቸው" እንደሚባለው ዓይነት። እኔም የልጅ ልጃቸው መጫወቻ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ምድር ቤታቸው ስወርድ ግን ፈገግታዬ እዚያው ደረቀ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አገር ነው የተሠራው። ተራራ አለ፤ ዋሻ አለ፤ የከሰል ማዕድን ማውጫ አለ፤ ልብስ የተሰጣበት የሠራተኞች ሰፈር አለ። ጣቢያው በር ላይ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ሴት ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የጭነት ባቡር ፉርጎዎቹን እየጎተተ ቀስ ብሎ ያልፋል።

"ንካው" አሉኝ። "አትንካ! ትሰብራለህ!" እየተባለ ላደገ ሰው ይሄ ራሱ እንግዳ ነገር ነው።

በዚያው አልቆሙም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሐዲድ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ሊያሳዩኝ ብለው የጋለውን ካውያ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ መቼም እንደ ማንኛውም አላዋቂ፣ ስታኞውን ካውያው ጫፍ ላይ አቅልጬ ሐዲዱ ላይ ጠብ ለማድረግ ሞከርኩ። ስታኞው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ተንከባለለ። ደገምኩ፤ ያው ነው። በሦስተኛው ሐዲዱን ከሥር የሚሸከመው የፕላስቲክ ርብራብ ቀልጦ ክርፋቱ ክፍሉን ሞላው። አፈርኩ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም።

"ሐዲዱን አሙቅ" አሉኝ። "ስታኞውን አንተ አታቅልጠው፤ ሐዲዱ ራሱ ያቅልጠው።"

ከዚያ ከጀርባዬ ቆመው በቃል መሩኝ። መጀመሪያ ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት ጥረገው። ሽቦውንም ሐዲዱንም ለየብቻ ስስ ስታኞ አልብሳቸው። ግራና ቀኙ ላይ እርጥብ ጥጥ አድርግ፣ ሙቀቱ ወደ ፕላስቲኩ እንዳይሮጥ። አሁን ሁለቱን አገናኝና ንካ። ካውያው ትንሽና ለብ ያለ ከሚሆን ትልቅና ትኩስ ቢሆን ይሻላል፤ ቶሎ ነክቶ ቶሎ ይነሳል፤ ፕላስቲኩን የሚያቀልጠው ትኩስነቱ ሳይሆን መቆየቱ ነው። በአምስተኛው ሙከራ ስታኞው እንደ ውኃ ፈስሶ ሽቦውና ሐዲዱ መሀል ሰረገ። ልክ መጻፍ እንደቻለ ሕፃን ደስ አለኝ።

"ይሄን ማን አስተማረዎት?" አልኳቸው።

"አንድ ሰው።"

"እሱንስ?"

"እሱንም አንድ ሰው።"

ይህ መልስ አልለቀቀኝም። እኛ ሰፈር የሽቦ መኪና የሚሠራ ጎረምሳ ነበር። ጎማው ከቆርኪ፣ መሪው ከረጅም ሽቦ፣ ሲዞር ፊተኛው እግር አብሮ ይዞራል። የምንቀናው በዚያች በምትዞረው እግር ነበር። ታዲያ ያቺን መገጣጠሚያ በፒንሳ ሊያጥፍ ሲል ጀርባውን ይሰጠናል። "ሙያ በልብ ነው" ይለን ነበር፣ ከትልልቆቹ የሰማውን። እኔ ዛሬም ድረስ እንዴት እንደሚታጠፍ አላውቅም። እሱም የት እንደደረሰ አላውቅም።

የሽማግሌው "አንድ ሰው" ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ የዚህን የትንንሽ ባቡር ሥራ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አጀማመሩ እንደጠበቅሁት የሀብታም ልጆች ነገር ነው። ጀርመን አገር ጌፒንገን ከተማ ውስጥ ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን ትንንሽ የማዕድ ቤት ዕቃ የሚሠራ ሜርክሊን የሚባል ድርጅት ነበረ። በ1891 ላይፕሲግ ላይ በተደረገው የንግድ ትርዒት ከነሐዲዱ የሚሸጥ ባቡር ይዞ ቀረበ። ብልሃቱ ባቡሩ ላይ አልነበረም፤ የሐዲዱን ስፋት በቁጥር ደንግጎ ማምጣቱ ላይ ነው። ድስት የገዛ ምጣድ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ባቡር የገዛ ደግሞ በየዓመቱ ሐዲድ፣ ፉርጎ፣ ጣቢያ ይጨምራል። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ጆሹዋ ላየነል ካወን የተባለ ሰው በ1900ዎቹ መባቻ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጋሪ ሠርቶ ለሱቅ መስኮት ማድመቂያ ሸጠ። ገበያተኛው ግን ከመስኮቱ ዕቃ ይልቅ ጋሪውን ካልገዛሁ አለ። የገና ስጦታ ባቡር አሜሪካን ያጥለቀለቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ተማሪም አስተማሪም የለም። ገዢና ሻጭ ብቻ።

ነገሩ የተለወጠው በ1930ዎቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ሰው እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ዘመን ማለት ነው። አል ካልምባክ የሚባል የሚልዋኪ ሰው በጥር 1934 "ሞዴል ሬይልሮደር" የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በዚያ ድህነት ውስጥ የባቡር መጫወቻ መጽሔት! ግን አስቡት። ገንዘብ የሌለው ሰው ጊዜ አለው፤ ከቆርቆሮ ቁራጭና ከካርቶን ፉርጎ መሥራት ይችላል፤ የጎደለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ1935 እዚያው ሚልዋኪ ላይ የባቡር ሠሪዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩን የወለደው ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴትም ነው። የአንዱ ፋብሪካ ጎማ በሌላው ፋብሪካ ሐዲድ ላይ አይሄድም ነበር። እና ተሰብስበው የጎማው ጠርዝ ስንት ይሁን፣ የሐዲዱ ስፋት ስንት ይሁን ብለው ደነገጉ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠን ኤችኦ ይባላል፤ እውነተኛው ነገር በ87 ሲካፈል ማለት ነው። እውነተኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ሐዲድ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲሜትር ስፋት ስላለው የትንሹ ሐዲድ 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ሽማግሌው ምድር ቤት ያለው ይኸው ነው።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ።

ጆን አለን የካሊፎርኒያ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ በ1913 የተወለደ። ሞንተሬይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ምድር ቤቱ ውስጥ በ1953 ትልቁን ባቡሩን መሥራት ጀመረ። ስሙን እንኳ በቀልድ ነው ያወጣው፤ ሲጻፍ የሁለት ከተሞች ስም ይመስላል፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን "ደም የተለወሰና ድል የተመታ" የሚል ይሰማል። ተራሮቹ ከወለል ተነስተው ጣሪያ ይነካሉ። ክፍሉ ሰፋ እንዲል መስታወት በየሥርቻው ደብቋል። ከሎኮሞቲቮቹ አንዷ ደግሞ ኤማ የምትባል ዳይኖሰር ናት፤ ፉርጎ ስትገፋ ትውላለች። ሰውዬው ራሱን አብዝቶ አያከብርም ነበር ማለት ነው። እኔ ደስ የሚለኝም ለዚሁ ነው።

የሱ ትልቁ ነገር ዝገት ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሠሪ ሎኮሞቲቩን አጥቦና ወልውሎ እንደ ጌጥ ያስቀምጠው ነበር። አለን ግን ዓይኑ የፎቶግራፍ አንሺ ነውና እውነተኛ ባቡር ቆሻሻ መሆኑን አየ። ጭሱ ጣሪያው ላይ ጠቁሯል፤ ውኃ የወረደበት ቦታ ዝጓል፤ የእንጨቱ ግድግዳ ቀለም ተልጧል። ይህንን ሁሉ በቀጭን ቀለምና በዱቄት አምጥቶ አሳየ። ያነሳቸው ፎቶዎች መጽሔት ላይ ሲወጡ አንባቢው ትንሽ ነው ብሎ ለማመን ይቸገር ነበር። ታዲያ እንዴት እንደሠራው ደበቀ? ኧረ ምን ደብቆ። ጻፈው፣ ፎቶ አነሳው፣ የጠየቀውን ሁሉ ቤቱ አስገብቶ አሳየው። በየሳምንቱ ማታ ጓደኞቹ ይመጣሉ፤ አንዱ ባቡር ነጂ፣ አንዱ የጣቢያ ኃላፊ፣ አንዱ ተቆጣጣሪ ሆነው እንደ እውነተኛ ድርጅት ይሠራሉ። ከሰዓት የሚፈጥን ሰዓት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ትንሽ አገር ትንሽ ቀን ነው የሚኖራት።

ጥር 6 ቀን 1973 አለን በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ከአሥር ቀን ያህል በኋላ ቤቱ በእሳት ተያያዘና ያ የሃያ ዓመት ሥራ አብዛኛው አመድ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። የኛ ሰው ቢሆን "አየህ፣ ተከትሎት ሄደ" ነው የሚለው። ሰውዬው ሙያውን በልቡ ይዞት ቢሆን ኖሮ እውነትም ተከትሎት ይሄድ ነበር። ግን አልሄደም። የመጽሔቱ አዘጋጅ የነበረው ሊን ዌስትኮት ስለ አለን የጻፈው መጽሐፍ በ1981 ታተመ፤ ዌስትኮት ራሱ ከዚያ አስቀድሞ በ1980 አርፏል። ሟች ስለ ሟች የጻፈው መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሆኖም ሰዎች እያነበቡት ፉርጎ ማዛግ ተማሩ። ዌስትኮትም የራሱን አውጥቶ የሰጠ ሰው ነበር። ተራራ ለመሥራት የወረቀት ፎጣ ጀሶ ውስጥ ነክሮ በተጨማደደ ጋዜጣ ላይ ማልበስ፣ ሲደርቅ ጋዜጣውን ከሥር ማውጣት፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ግን ጠንካራ ተራራ ይቀራል። ይህን ያስፋፋው እሱ ነው። ሽማግሌው ምድር ቤት ያሉት ተራሮች በሙሉ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። አንዱን አንኳኩቼዋለሁ፤ ባዶ ነው።

ሌላው ቦታ ቦስተን አጠገብ ያለው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ በ1946 የተማሪዎች የባቡር ክበብ ተቋቋመ። መኖሪያውም ሕንፃ 20 የሚባል፣ በ1943 ለጦርነቱ ሥራ በጥድፊያ የተገነባ የእንጨት ቤት ነበር። ክበቡ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረበት። አንዱ ከጠረጴዛው በላይ ይሠራል፤ ተራራ ይቀባል፣ ፉርጎ ያስመስላል። ሌላው ከጠረጴዛው በታች ተንጋሎ ሽቦ ይዘረጋል። ከስልክ ኩባንያ በተገኙ የስልክ ማዞሪያ ዕቃዎች ባቡሮቹን የሚቆጣጠር መረብ የዘረጉት እነዚህ የጠረጴዛ ሥር ልጆች ናቸው።

ስቲቨን ሌቪ በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ አዲስ ገቢ የክፍሉን ቁልፍ የሚያገኘው ባቡሩ ላይ 40 ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። ማመልከቻ የለም፣ ፈተና የለም፣ የማን ልጅ ነህ የለም። አርባ ሰዓት ከነባሮቹ ጎን ተኝተህ ሽቦ ያዝ፤ ከዚያ ቁልፍህን ውሰድ፣ ሌሊትም ቢሆን ግባ። እኔን ያስደነቀኝ የሰዓቱ ብዛት አይደለም። አርባ ሰዓት ሙሉ አዲሱን ልጅ አጠገቡ የሚያስተኛ ነባር መኖሩ ነው።

እነዚህ ልጆች ብልሃት ያለበትን ሥራ "ሀክ" ይሉት ነበር፤ በ1959 ፒተር ሳምሰን የተባለ አባላቸው የክበቡን ቋንቋ በመዝገበ ቃላት መልክ ጽፎታል። በ1958 ቲኤክስ-0 የሚባል ኮምፒዩተር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር ወጥተው እዚያ ሠፈሩ፤ በ1962 ደግሞ የክበቡ አባል ስቲቭ ረስልና ጓደኞቹ ፒዲፒ-1 በተባለ ማሽን ላይ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱን "ስፔስዋር"ን ሠሩ። ዛሬ ሀከር ሲባል የባንክ ሒሳብ የሚበረብር ሌባ ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፣ ቃሉ ያደገው ባቡር ሥር ተንጋልለው እርስ በርሳቸው በሚማማሩ ልጆች መሀል ነው። ሕንፃ 20 በ1998 ፈረሰ። ክበቡ ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ገባ።

ለነገሩ እነዚህን ሰዎች መላእክት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ክርክራቸው ያስቃል። "ሪቬት ቆጣሪ" የሚባሉ አሉ፤ የሠራኸውን ቦይለር አጎንብሰው አይተው "እውነተኛው ላይ ሁለት ሪቬት ይበልጣል" የሚሉ። ወጪውም ቀላል አይደለም። ሽማግሌዎቹም እያለቁ ነው፤ የእህቴ ልጆች ከአጥር ማዶ ተራራ እያለ ስልካቸው ላይ ነው የሚውሉት።

አንድ እንግሊዝ ልጨምርና ወደ ቤቴ ልመለስ። ሮይ ኢንግላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ ወጣት በ1925 እንግሊዝ አገር መጣና በአንድ የገጠር ሸለቆ የሣር ክዳን ቤቶች ፍቅር ተያዘ። ቤቶቹ ግን ዓይኑ እያየ ሣራቸው ይነሳል፤ ይታደሳሉ፤ ይፈርሳሉ። ማስቆም አይችል። ስለዚህ እየለካ፣ እየጠየቀ፣ በካርቶንና በውኃ ቀለም እያሳነሰ ይሠራቸው ጀመር። ከዚያ በ1954 ሎንግ ዊተናም መንደር ውስጥ ፔንደን የተባለው ሙዚየም መነሻውን አገኘ። አንድ ጎጆ ለመሥራት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ በጎ ፈቃደኞቹ ነባሩ አዲሱን እያስተማረ ነው የሚቀጥሉት። ሮይ በ1995 ሲሞት ሸለቆው አላለቀም ነበር።

ሜሪላንድ ወዳሉት ሽማግሌ ልመለስ። ከመሄዴ አንድ ቀን በፊት "የአገርህን ባቡር ለምን አትሠራም?" አሉኝ። ደረቴን ነፋ አደረግሁ። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ በኩል እንደተጀመረ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ እንደደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ እንደገባ፣ ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት እንዳለው ዘረዘርኩላቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። የፉርጎው ጣሪያ ምን ቀለም ነው? ፉርጎና ፉርጎ በምን ይያያዛሉ? የሦስተኛ ማዕረጉ በር ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?

ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ! አንዱንም አላውቅም።

አጎቴ ድሬዳዋ ነው። ገና በልጅነቱ ነው ሸሚንደፈር ጋራዥ የገባው፤ ፈረንጆቹ አለቆች በነበሩበት ጊዜ። አሁን ሰማንያን አልፏል። የድሮው ባቡር ከለገሃር መነሳት ካቆመ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሌላ፣ በሰፊው ሐዲድ መሄድ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አጎቴ ስለ ሥራው አይናገርም። ልጅ ሆነን ስንጠይቀው ያቺኑ የሰፈራችንን ጎረምሳ ቃል ነው የሚመልስልን፦ ሙያ በልብ ነው።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ደወልኩለት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም፤ አጎቴን አንተ ነው የምለው። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅሁት።

"ለጋዜጣ ነው?" አለ።

"አይ፣ ልሠራው ነው። ትንሽ አድርጌ።"

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ምን ያህል ትንሽ?"

"በ87 ተካፍሎ።"

"ሜትሯ አሥራ አንድ ሚሊ ተኩል ትሆናለቻ" አለ ወዲያው፤ እኔ በማስያ ነበር ያወጣሁት። ስዊሶች የተራራ ባቡራቸው እንደኛው አንድ ሜትር ስለሆነ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ተሠርቶ እንደሚሸጥ ነገርኩት። "ግማሽ ሚሊ ሰፋ" ብሎ ቅር አለው። ሪቬት ቆጣሪ ነው ለካ። "ፍሬኑንስ ትሠራዋለህ?"

"ካሳየኸኝ።"

"አቦ፣ እስክሪብቶ ያዝ" አለኝ።

ካርዴ እስኪያልቅ ተናገረ። እኔ የማውቀው አጎቴ በዓመት እንኳ ያን ያህል አያወራም። በማግስቱ፣ ደውሎ የማያውቅ ሰው፣ ራሱ ደወለ። ድምፁ ከሩቅ ነው፤ ነፋስ አለበት።

"የበሩን ነገር ተሳስቼ ነው የነገርኩህ" አለ። "ሌሊቱን አልተኛሁም። አሁን ከቆሙት ፉርጎዎች አንዱ ጋ መጥቼ እያየሁት ነው። ልለካልህ ነበር። ስትመጣ ሜትር ይዘህ ና፤ የኔ ተሰብሯል።"